ውሃ ልክና ዋልካ፦ በአያት መኖሪያ ግቢዎች የስኑከር ክፍል ስለ መሥራት



መንገድ፣ ድልድይና ግድብ ባለበት አገር መሐንዲሶች ተሰብስበው ስለ አንድ የጨዋታ ጠረጴዛ ሲወያዩ ነገሩ ለአንዳንዱ ሰው ቅንጦት መስሎ ሊታየው ይችላል። ጉዳዩ በሙያ ዓይን ሲመረመር ግን የስኑከር ጠረጴዛ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ከሚቀመጡ ዕቃዎች ሁሉ ይልቅ ስለ ቤቱ መሠረት እውነቱን የሚናገር ሆኖ ይገኛል። ቁም ሣጥን ቢዘም ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት መወሸቅ ይበቃዋል። ግድግዳ ቢሰነጠቅ በጀሶ ይደፈናል፤ ቀለምም ይቀባል። ኳስ ግን አትሸነገልም፤ ገበታው ወደ ዘመመበት ትሄዳለች። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም ከዚህ የሚነሣ ነው። በአያት አካባቢ የስኑከር ክፍል ለመሥራት ያሰበ ሰው ስለ ጠረጴዛው ከመጨነቁ በፊት አፈሩን ማወቅ አለበት፤ ለጠረጴዛው ሲባል የሚደረገው ጥንቃቄም ተመልሶ ቤቱን ራሱን የሚጠብቅ ይሆናል።

ስለ ጨዋታው አመጣጥ

ስኑከር የተወለደው በሕንድ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 በጀበልፑር ሰፍሮ በነበረው የእንግሊዝ ጦር ውስጥ ኔቪል ቼምበርሌን የተባለ ወጣት መኮንን፣ ማለትም የኋለኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ሞክሼ፣ በቢሊያርድ ጠረጴዛ ላይ በቀይ ኳሶች ይደረግ ለነበረው ጨዋታ ባለ ሌላ ቀለም ኳሶች ጨምሮ እንደ ጀመረው ይነገራል። የዓለም ሻምፒዮና ውድድርም እ.ኤ.አ. በ1927 ተጀመረ።

ጨዋታውን ዛሬ ላለበት ትክክለኛነት ያበቁት ግን ቁሳቁሶቹ ናቸው። የለንደኑ ጠረጴዛ ሠሪ ጆን ቴርስተን እ.ኤ.አ. በ1826 ይዘም የነበረውን የእንጨት ገበታ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ይሠራበት በነበረው፣ እየተሰነጠቀ በሚነጠፍ ድንጋይ ተካው። በ1840ዎቹ ደግሞ ብርድና ሙቀት ብዙ የማይለውጠው ጎማ ለጠርዙ ዋለ። ኳሶቹ ቀድሞ የሚጠረቡት ከዝሆን ጥርስ ስለ ነበር እንደ አየሩ እርጥበት ቅርጻቸው ይለዋወጥ ነበር፤ ኋላ በሰው ሠራሽ ቁስ ተተኩ። እንግዲህ የጠረጴዛው ታሪክ በአጭሩ ሲነገር፣ የሚንቀሳቀስን ነገር በማይንቀሳቀስ የመተካት ታሪክ ነው ለማለት ይቻላል። ሳይተካ የቀረው ከጠረጴዛው ሥር ያለው መሬት ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ ከስኑከር ይልቅ የታወቁት ስሙን ከጣሊያንኛ የወሰደው ከረምቡላና በየሰፈሩ የሚገኘው ፑል ናቸው። ፑል ቤትን ብዙ ወላጆች በበጎ ዓይን አያዩትም። ስለዚህም ግቢና አቅም ያለው ሰው ልጆቹ መንገድ ዳር ከሚውሉ በቤታቸው ከአባታቸው፣ ከአጎታቸውና ከጎረቤት ጋር ቢጫወቱ ይመርጣል። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት በሁለተኛው ዓመት የዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ የሚቀር ክፍል መሥራት ነው።

ክፍሉ የሚጠይቀው ስፋት

ሙሉ መጠን ያለው የስኑከር ጠረጴዛ የመጫወቻ ሜዳው 3.57 ሜትር ርዝመትና 1.78 ሜትር ስፋት አለው። የተለመደው የመምቻ ዘንግ 1.47 ሜትር ያህል ነው። ተጫዋቹ ኳሷ ከጠርዝ ተጠግታ ብትቆምም ዘንጉን ወደ ኋላ ለመሳብ ቦታ ያስፈልገዋልና የዘንጉ ርዝመት በአራቱም አቅጣጫ ይጨመራል። በዚህም መሠረት ርዝመቱ 6.51 ሜትር፣ ስፋቱ 4.72 ሜትር ይመጣል። ለክንድ መላወሻ ጥቂት ሲታከልበት 6.7 በ4.9 ሜትር የሆነ፣ ምሰሶ የሌለበት ባዶ ክፍል ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ የውስጥ ልክ ነው፤ ልስንና የግድግዳ ውፍረት አይጨምርም። ለወንበር፣ ለመደርደሪያና ለተመልካች የሚሆነው ቦታም ከዚህ ውጭ ነው።

ይህን ያህል ስፋት በኮንዶሚኒየም ቤት አይገኝም። በቪላዎቹም ቢሆን ሳሎኑ ካልተሠዋ በቀር እምብዛም አይገኝም። ስለሆነም የባለቤቶች ዓይን የሚያርፈው በሦስት ቦታዎች ላይ ነው፦ በመኪና ማቆሚያው፣ ከግቢው ጀርባ ባለው ሰርቪስ ቤትና በላይኛው ፎቅ። ሦስቱም የየራሳቸው ችግር አላቸው። ችግራቸውን ለመረዳት ግን በቅድሚያ ኳሷ ምን ያህል ዝመትን እንደምትታገሥ ማወቅ ይገባል።

ኳሷ የምታየውና ግንበኛው የማያየው

በርጋታ የተመታች ኳስ ከአንዱ ጫፍ ተነሥታ በሌላው ጫፍ ለመቆም 9 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል እንበል። ገበታው ወደ ጎን በአንድ ሜትር 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዘም፣ በተንከባላይ ኳስ ሕግ ሲሰላ ኳሷ እስክትቆም ድረስ ከቀጥተኛ መንገዷ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ትወጣለች። የኳሷ ውፍረት 52.5 ሚሊ ሜትር ነውና ይህ የሁለት ኳስ ተኩል ስፋት ማለት ነው። ዝመቱ በሜትር ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ስሕተቱ ወደ 1.4 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ወደ ኳሷ ሩብ ይወርዳል። ጠንቃቃ ተጫዋች የሚታገሠው ከዚህ አይበልጥም።

አሁን ይህ ቍጥር ከሕንፃ ሙያ ልኮች ጋር ይነጻጸር። የአፈር መሐንዲሱ ላውሪትስ ቢየሩም እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው የታወቀ መለኪያ መሠረት፣ ስንጥቅ እንዳይታይባቸው ለሚፈለጉ ሕንፃዎች የመሠረት መዛባት ወሰኑ 1 በ500 ነው። ይህም በአንድ ሜትር 2 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ያልተሰነጠቀ፣ በሮቹ በሚገባ የሚዘጉ፣ በሙያ ደንብ ደኅና የሚባል ቤት ኳስን በ28 ሴንቲ ሜትር ሊያስት ይችላል። ግንበኛው በእጁ የያዘው ውሃ ልክም በሜትር ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር የሚደርስ ስሕተት የሚፈቀድለት መሣሪያ ነው፤ ኳሷ የምታየውን እርሱ አያይም። ጠረጴዛ የሚተከለው የመኪናና የማሽን ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት፣ በሜትር 0.02 ሚሊ ሜትር በሚያነብ ውሃ ልክ ነው።

በእርግጥ ጠረጴዛው ሲተከል በስምንቱ እግሮች ማስተካከያ አማካይነት ይስተካከላል፤ ወለሉ ጥቂት ቢዘምም ችግር የለውም። ችግሩ ያለው ከተስተካከለ በኋላ ወለሉ መንቀሳቀሱን ከቀጠለ ነው። በአያት ደግሞ ወለልን የሚያንቀሳቅስ ኃይለኛ ምክንያት ከሥር ተቀምጧል።

የአያት መሬት

አያት ከየካና ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ወደ ምሥራቅ በተዘረጋው ምድር ላይ ያለ፣ ለዓመታት በየካ ክፍለ ከተማ ሥር ሲተዳደር የኖረ ሰፈር ነው። በመጀመሪያ በግል አልሚ በተሠሩት ቪላዎች፣ ቀጥሎም በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሰፋ። ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ ከተማዋን የሚያቋርጠውና በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መሥመርም መጨረሻው እዚያ ነው። ከከፍታው ወገን አለቱና ቀይ አፈሩ ቅርብ ነው። ሜዳማው ክፍል ግን፣ እንደ ሲኤምሲና እንደ ቦሌ ሜዳዎች ሁሉ፣ በብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ የተኛበት ነው። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ግቢዎች እንኳ አንዱ በአለት፣ ሌላው በዋልካ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ።

ገበሬው ይህን አፈር መረሬ ይለዋል፤ ጠባዩንም ከመሐንዲሱ አስቀድሞ ያውቃል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ያብጣል፤ ይጣበቃልም። በውስጡ ሞንትሞሪሎናይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ስላለ ውሃ ሲያገኝ በንብርብሮቹ መካከል አስገብቶ ይነፋል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ የሚበዛውም ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ነው። ስለዚህም አፈሩ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል። እስትንፋሱ በግቢው ሁሉ እኩል ቢሆን ቤቱ በሙሉ ከፍ ዝቅ ብሎ ነገሩ ባበቃ ነበር። ነገር ግን ከቤቱ መካከል ያለው አፈር በወለል ተሸፍኖ እርጥበቱን ሲጠብቅ በጠርዙ ያለው ይደርቃል፣ ይርሳል። ከግድግዳ አጠገብ ባሕር ዛፍ ካለ ደግሞ ሥሩ በበጋ ውሃውን መጥጦ በዚያ ወገን ያለውን አፈር የባሰ ያኮማትረዋል። ቤቱን የሚሰነጥቀውና ጠረጴዛውን የሚያዛባው ይህ የእኩልነት ማጣት ነው።

በክብደት መጫን አፈሩን ጸጥ ያሰኘዋል ብሎ መገመትም ስሕተት ነው። 4.6 በ2.8 ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ከነጠረጴዛው ቢመዘን 11 ቶን ያህል ይሆናል። በካሬ ሜትር የሚያሳርፈው ግን ከ1 ቶን ያነሰ ነው። የዋልካ የማበጥ ግፊት በካሬ ሜትር ከ10 ቶን በላይ ሊደርስ ስለሚችል እንዲህ ያለውን ሸክም ያለ ችግር ያነሣዋል።

ሦስቱ አቋራጮች

የመኪና ማቆሚያውን ወደ ጨዋታ ክፍል መለወጥ ከሁሉ ርካሽ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ የማቆሚያ ወለል አብዛኛውን ጊዜ ስስ ኮንክሪት ሆኖ በቀጥታ በአፈሩ ላይ የተዘረጋ ነው። ውሃ እንዲወርድ ተብሎም ሆን ተብሎ ወደ በሩ ዘመም እንዲል ይደረጋል። በላዩ ሊሾ አፍስሶ ማስተካከል የዛሬውን ዝመት ይደብቃል እንጂ የከርሞውን አያስቀርም።

ሰርቪስ ቤቱ የባሰ ነው። የግቢው መጨረሻ የተገነባ፣ መሠረቱ ከዋናው ቤት ይልቅ ጥልቀት ያነሰው፣ የማእድ ቤትና የመታጠቢያ ቧንቧ በአጠገቡ የሚያልፍ፣ አንዳንዴም የፍሳሽ ጉድጓድ የሚጎራበተው ነው። በዋልካ ላይ አንድ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ከሙሉ ክረምት የበለጠ ጉዳት ያደርሳል፤ የሚያጠጣው አንድን ማዕዘን ብቻ ነውና።

ላይኛው ፎቅ ከአፈሩ የራቀ ስለሆነ ብዙዎች ይመኩበታል። ጠረጴዛው ከ1.2 እስከ 1.5 ቶን ይመዝናል። 1.4 ቶን ቢሆን በእያንዳንዱ እግር 175 ኪሎ ግራም፣ በተኛበት ስፋት ላይ ሲከፈል በካሬ ሜትር 170 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ሶሌታ የሚሰላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ያህል ተንቀሳቃሽ ጭነት እንዲሸከም ነው። በአማካይ ሲታይ ያለፈ ይመስላል። ነገር ግን በጠረጴዛው ዙሪያ የሚቆሙት ሰዎች ይታከሉበታል፤ ጭነቱም ከቀን ወደ ቀን የማይነሣ ነው። ኮንክሪት ደግሞ ዘላቂ ጭነት ሲጫነው ለዓመታት ቀስ በቀስ መጎበጡን ይቀጥላል። በአምስት ሜትር ርዝመት ላይ ደንቡ የሚፈቅደው ጉብጠት 20 ሚሊ ሜትር ነው። ቤቱ አይወድቅም፣ ሰውም አያውቀውም፤ ጠረጴዛው ግን በየወሩ ባለሙያ የሚጠራለት በሽተኛ ይሆናል። በዚህ ላይ የገበታው ድንጋይ በአምስት ክፍል የሚመጣ ሆኖ አንዱ ብቻ ከ170 ኪሎ ግራም የማያንስ በመሆኑ፣ ጠባብና ጠምዛዛ ደረጃ ላይ ማውጣቱ ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

የሚበጀው አሠራር

የመጀመሪያው ሥራ ጉድጓድ ቆፍሮ ማየት ነው። ክፍሉ በታሰበበት ቦታ ቢያንስ ሁለት የመመርመሪያ ጉድጓዶች ተቆፍረው የአፈሩ ንብርብር በዓይን ይታያል፤ ናሙናውም ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። አለት ወይም ጠንካራ ቀይ አፈር ከተገኘ ሥራው ቀላል ነው። ዋልካ ከሆነና ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተዝቆ መውጣት አለበት። ከዚያ በላይ ጠልቆ የሚሄድ እንደ ሆነ የሚወጣው መጠንና የመሠረቱ ዓይነት በምርመራው ውጤት ይወሰናል።

በተዛቀው ምትክ ገረጋንቲ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ እየረሰረሰና እየተጠቀጠቀ ይሞላል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ውሃ የማያሳልፍ ዋልካ መካከል ውሃ የሚያሳልፍ ሙሌት የተሞላበት ጉድጓድ በክረምት ገንዳ ይሆናል። የተጠራቀመው ውሃም ከሥር የቀረውን ዋልካ ያጠጣዋል። ስለዚህ ሙሌቱ ደቃቅ ያለበትና በሚገባ የተጠቀጠቀ እንዲሆን፣ ከጉድጓዱ ወለል ወደ ዝቅተኛው የግቢ ወገን የሚወስድ ማፍሰሻም እንዲኖረው ያስፈልጋል።

በሙሌቱ ላይ ለጠረጴዛው ብቻ የሚሆን ወፍራም ወጥ ኮንክሪት ይሠራል። ከላይም ከታችም የፌሮ መረብ ይገባበታል። ከክፍሉ ወለልና ከግድግዳው መሠረት ጋር ምንም ግንኙነት አይኖረውም፤ በመካከላቸው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተትቶ በሚለመጥ ነገር ይዘጋል። የዚህ አሠራር ምሥጢር ግልጽ ነው። አፈሩ ጨርሶ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ባይቻል እንኳ ጠንካራው ኮንክሪት ሳይጎብጥ እንደ አንድ አካል ይንቀሳቀሳል። አንድ አካል ሆኖ የዘመመ ጠረጴዛ በእግሮቹ ማስተካከያ በአንድ ሰዓት ይቀናል። የጎበጠ ወለል ላይ የተቀመጠ ግን የድንጋዮቹ መጋጠሚያ ይከፈትና ጨርቁ ተነሥቶ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ከዚህ ሁሉ የማያንሰው የውሃው ጉዳይ ነው። የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን ከግድግዳው ሥር እንዳያፈስ፣ ይልቁንም በቱቦ እስከ ግቢው ማፍሰሻ እንዲያደርስ ማድረግ ይገባል። በቤቱ ዙሪያ ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ማርሻፔዲ ይሠራል። የአበባ መደብ ከግድግዳ ይርቃል። ባሕር ዛፍ ቢያንስ ሙሉ ቁመቱን ያህል ከቤቱ እንዲርቅ ይደረጋል። የቧንቧ መሥመር ከክፍሉ ሥር አያልፍም። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ለጠረጴዛው ብቻ የሚጠቅም አለመሆኑን ልብ ማለት ያሻል፤ በዋልካ ላይ ያለ ማንኛውም ቤት ሊደረግለት የሚገባ ነው።

ጣሪያ፣ ብርሃንና አየር

ቆርቆሮ ብቻ ያለው ጣሪያ በቀን ይግላል፤ በሌሊት ይቀዘቅዛል። በክረምት ጠዋትም በውስጥ በኩል ጤዛ አውጥቶ የሱፍ ጨርቁ ላይ ያንጠባጥባል። እርጥብ ጨርቅ ኳስን ያዘገያል፤ ቀዝቃዛ ጎማም የኳሷን አመላለስ ያደክመዋል። ስለዚህ ሙቀት የሚከላከል ንጣፍና ኮርኒስ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከልም አየር የሚመላለስበት ቀዳዳ ያስፈልጋል። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚከፈት ትልቅ መስኮት የጠዋትና የማታ ፀሐይ አስገብቶ ጨርቁን ያደበዝዛል፤ በበጋ ነፋስም አቧራ ያስገባል። መስኮቱ ወደ ሰሜን ቢሆን ይመረጣል።

መብራቱ ከገበታው በላይ 85 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ጠረጴዛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥላ በማያበዛ ብርሃን የሚሸፍን መሆን አለበት። ማንጠልጠያው ጣሪያው ከመሠራቱ በፊት መታሰብ አለበት፤ ኋላ ኮርኒስ መብሳትን የመሰለ ሥራ የለምና።

አንድ ክረምትና አንድ በጋ

የመጨረሻው ምክር ለባለቤቶች ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ እርሱም መጠበቅ ነው። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ እግሮቹ በሚያርፉባቸው ስምንት ነጥቦች ላይ ምልክት ተደርጎ፣ ከግቢው ውጭ ካለ የማይንቀሳቀስ ነጥብ ጋር እየተነጻጸረ በወር አንድ ጊዜ በሌቭል መሣሪያ ይለካል። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ካለፈ በኋላ የቍጥሮቹ ሰንጠረዥ መልሱን ይሰጣል። ነጥቦቹ አብረው ከፍ ዝቅ ካሉ ጠረጴዛው ይምጣ። አንዱ ማዕዘን ብቻውን የሚሄድ ከሆነ ግን በዚያ ወገን ውሃ አለ ማለት ነውና ምክንያቱ ተፈልጎ ይገኝ፤ ጠረጴዛውም ይቆይ።

ይህ የአንድ ዓመት ሰንጠረዥ ለባለቤቱ ከጠረጴዛው የበለጠ ዋጋ አለው። በአያትና በመሰል ሰፈሮች ብዙ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ቍጠባውን ያፈሰሰው በቤቱ ላይ ነው። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ስንጥቁን በጀሶ እየደፈነ፣ በፋሲካ ደግሞ እንደገና ተከፍቶ እያገኘው፣ ግንበኛውን እየረገመ የሚኖረው ስንት ነው? ቤቱ ሲሠራ ሁለት ጉድጓድ ቢቆፈር ኖሮ፣ አሸንዳው በቱቦ ቢወሰድ ኖሮ፣ የሚቀር ወጪ ነበር። ቤተሰቡ ለመኖሪያው ያላነሣውን ጥያቄ ለጨዋታው ሲል ቢያነሣ መሐንዲሱ ሊያመሰግን እንጂ ሊያፌዝ አይገባውም።

ስለሆነም ደንበኛ የጠረጴዛ ሥዕል ይዞ ወደ ባለሙያ ሲመጣ ባለሙያው በመጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ስለ ግቢው አፈር፣ ስለ ጣሪያው ውሃና ስለ ነባሩ ቤት ስንጥቆች ነው። መልሱ መጥፎ ከሆነም የስኑከር ክፍሉን ገንዘብ ለዋናው ቤት መሠረት እንዲያውለው በግልጽ መምከር አለበት፤ ሥራ ቢያጣበትም። በነባሩ ቤት ላይ ያለው ጉዳት ሳይታረም በዚያው ግቢ አዲስ ክፍል መሥራት ቤተሰቡን ሁለት የሚሰነጠቅ ቤት ባለቤት ማድረግ ነው። መሬቱ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ግን ክፍሉ ይሠራ። አባትና ልጅ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተራ እየጠበቁ የሚያመሹበት ቤት ለሰፈሩም ደስታ ነው።